ቅጠሉ መድኃኒት ከሆነ እንደ መድኃኒት ይጠየቅ

 

በዚህ ወር ብዕር ያስነሣኝ አንድ ማስታወቂያ ነው። የተፈጨ ቅጠል በከረጢት አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ጋዜጣችን ላይ እንድናስተዋውቅለት ጠየቀን። የሁለት ወር የማባዣ ወጪያችሁን እኔ እሸፍናለሁ አለ። አንዱ ከረጢት 30 ዶላር ነው። ላዩ ላይ በአማርኛ «ለድብርት፣ ለጭንቀት፣ ለደም መርጋት። መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ምንም ጉዳት የለውም» ይላል። ውስጡ ምን ቅጠል እንዳለ ግን አይልም። ስንጠይቀውም «የቤተሰብ ምስጢር ነው» አለን። ኮሚቴው ተሰብስቦ ተነጋገረ፤ ማስታወቂያውን አናወጣም ተባለ።

ከዚያ በኋላ የደረሰን ወቀሳ ቀላል አይደለም። አንዷ እህት በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «ማዳም ሐኪም ቤት አታወጣኝ፣ ወረቀት የለኝ፣ ብር የለኝ፤ ያለችኝን አንዲት ቅጠል ደግሞ እናንተ ትከለክሉኛላችሁ?» ሌላዋ ደግሞ የእናቶቻችንን መድኃኒት ናቃችሁ አለች። ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። ነገሩን በሁለት ቃል ዘግቶ ማለፍ ስለማይቻል ቦታውን ሁሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ከንቀቱ ልጀምር። ቅጠል ባዶ ነው የሚል ሰው እንዶድን አያውቅም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንግዲህ ነገሩ የተገኘው ከልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ነው፤ እንደኛው። ግን ዶክተር አክሊሉ እንዶድ ጥሩ ነው ብለው አውጀው አልተቀመጡም። ምን ያህል ሲሆን ይገድላል? ዓሣውን ምን ያደርገዋል? ሰውንስ? እያሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ሠሩበት። በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችንን ማክበር ማለት ለእኔ ይህ ነው። ያወቁትን ይዞ መጠየቅ።

የደም መርጋቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ያስገርማል፤ ትንሽ ልቆይበት። ዛሬ ደማቸው እየረጋ ለተቸገሩ ሰዎች በዓለም ሁሉ የሚሰጥ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን አለ። አሠሪዎቻችን ቤት ስንት ሽማግሌና አሮጊት ይውጡታል፤ ሰዓቱን ጠብቀን የምንሰጣቸውም እኛው ነን። ይህ ክኒን የመጣው ከከብት መኖ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ የገበሬ ከብቶች በደም መፍሰስ ያልቁ ጀመር። ቀንዱ የተቆረጠ ወይም የተኮላሸ በሬ ደሙ አልቆም ብሎ ይሞታል። ይመገቡት የነበረው የማገጥ ዘመድ የሆነ፣ ፈረንጆቹ ስዊት ክሎቨር የሚሉት ድርቆሽ ነው። ፍራንክ ስኮፊልድ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ምን አደረገ መሰላችሁ? ከአንዱ ክምር ውስጥ ደህናውንና የሻገተውን ለይቶ፣ ደህናውን ለአንዲት ጥንቸል፣ የሻገተውን ለሌላዋ አበላ። ደህናውን የበላችው ምንም አልሆነችም። የሻገተውን የበላችው ደሟ ፈስሶ ሞተች። ሁለት ጥንቸል ብቻ! ግን ጥያቄው በትክክል ስለተጠየቀ መልሱም በትክክል መጣ። ሣሩ ያው ሣር ነው፤ ልዩነቱ አቀማመጡ ነው።

በ1933 ክረምት ደግሞ አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና በወተት ጋን የተቀዳ ያልረጋ ደም በመኪና ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። እዚያ ያገኙት ካርል ፖል ሊንክ የሚባሉ ሳይንቲስትና ረዳቶቻቸው ዓመታት ፈጅተው፣ ደሙን እንዳይረጋ ያደረገውን ነገር በ1940 አካባቢ ከድርቆሹ ለይተው አወጡት። ከእሱ ተነሥቶ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ ገበያ የወጣው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለአይጥ መርዝ። ለሰው የተፈቀደው በ1954 ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አይጥ የሚገድለውና አያት የሚያድነው አንድ ነገር ነው። የሚለያቸው መጠኑና ክትትሉ ነው። ለዚህ ነው ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በየጊዜው ደሙን እየተመረመረ የሚወስደው።

እንግዲህ ከረጢት ላይ «ለደም መርጋት፤ ምንም ጉዳት የለውም» የሚል ጽሑፍ ሳይ የምጠይቀው ይህንን ነው። በእውነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ከሆነ ሊያደማ ይችላል። ሊያደማ የማይችል ከሆነ ደግሞ መርጋቱንም አይከለክልም። ሁለቱን በአንድ ከረጢት መሸጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ድብርትና ጭንቀት ልምጣ፤ ብዙዎቻችንን የሚነካው እሱ ነውና። ለድብርት ከተሞከሩት ዕፅዋት ሁሉ በብዛት የተፈተነው ሃይፐሪከም የሚባለው ባለ ቢጫ አበባ ቅጠል ነው። ፈረንጆቹ የቅዱስ ዮሐንስ ቅጠል ይሉታል፤ በእነሱ የዮሐንስ በዓል፣ በእኛ ሰኔ 17 ገደማ ስለሚያብብ ነው። (የእኛ ዮሐንስ መስከረም 1 ነው፤ አደይ አበባም ቢጫ ናት፤ ግን እሷ ሌላ ናት።) እዚህም በዓረብኛ ስሙ የቅዱስ ዮሐንስ ቅጠል እያሉ ይሸጡታል። አገራችን ደጋው ላይ፣ ሰሜን ተራራና ባሌ የሚበቅለው አሜጃ የዚሁ ዘመድ ነው። ዘመድ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም፤ የተፈተነው የፈረንጁ ነውና አሜጃ ከአገር አስልኬ ልጠጣ እንዳትሉ።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። የታመሙ ሰዎች በዕጣ ይከፈላሉ። ለአንዱ ወገን የቅጠሉ ክኒን፣ ለሌላው መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ይሰጣል። የትኛውን እንደዋጠ በሽተኛውም አያውቅ፣ የሚጠይቀው ሐኪምም አያውቅ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ይታያል። ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ሰው ነገ ይሻለኛል ብሎ ተስፋ ሲያደርግ ራሱ ሊሻለው ስለሚችል ነው። ነጋዴው «ስንቷን አዳንኩ» ሲል የሚቆጥረው ያንንም ጭምር ነው።

ውጤቱስ? ቅጠሉን ወድጄም ጠልቼም አይደለም የምነግራችሁ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ 340 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ቅጠሉ ከባዶው ክኒን አልበለጠም። በዚያው ሙከራ የነበረው ሰርትራሊን የተባለው የፋርማሲ ክኒንም በዋናዎቹ መለኪያዎች አልበለጠም። በ2008 ደግሞ 29 ሙከራዎች፣ በጠቅላላው 5,489 ሰዎች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ቅጠሉ ከባዶው ክኒን የተሻለ፣ ከተለመዱት የድብርት ክኒኖች ጋር የሚቀራረብ፣ ለመልመድም ቀለል ያለ ሆኖ ተገኘ። ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች የተደረጉት ሙከራዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለቅጠሉ እንደሚያደሉም ያው ጥናት ጽፏል። ስለዚህ ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት ሊረዳ ይችላል፤ ባዶ ወሬ አይደለም። ይህ ግን የተለካ ክኒን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 900 ሚሊግራም ገደማ። በእፍኝ የተዘገነ ከረጢት አይደለም። ለጭንቀት ሲሆን ማስረጃው በጣም ደካማ ነው። ለደም መርጋትማ እንኳን ሊያድን፣ አሁን እንደምነግራችሁ ነው።

ይህ ቅጠል ጉበታችን መድኃኒቶችን ፈጭቶ የሚያስወግድበትን ሥራ ያፈጥነዋል። ሌላ ክኒን የምትውጥ ሴት ክኒኗ ሥራውን ሳይጨርስ ከሰውነቷ ይወጣል ማለት ነው። በ2000 ታትሞ በወጣ ጥናት 8 ጤነኛ ሰዎች ኢንዲናቪር ከሚባል የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ቅጠሉን ሲወስዱ፣ በደማቸው ውስጥ የነበረው መድኃኒት በአማካይ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ዙሪክ ውስጥ፣ የሰው ልብ ተተክሎላቸው ደህና የነበሩ ሁለት ሰዎች ቅጠሉን በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መግፋት ጀመረ። ልቡን የሚጠብቅላቸውን መድኃኒት ቅጠሉ አሳንሶባቸው ነው። ዋርፋሪንንም እንዲሁ ያደክማል፤ ደሙ እንዳይረጋ ክኒን የሚወስድ ሰው መልሶ ሊረጋበት ይችላል። ከዋርፋሪን በኋላ የመጡትን አዳዲሶቹንም አይምርም።

እና ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? ወደ ቤታችን እንምጣ። ስንቶቻችን ነን የወሊድ መከላከያ ክኒን የምንወስድ፣ ወይም ክንዳችን ላይ የተቀበረልን? ቅጠሉ እሱንም ያደክማል። ክኒኔን አንድ ቀን አላሳለፍኩም እያለች ያረገዘች ሴት ማን ያምናታል? በሰው አገር፣ በሰው ቤት እርግዝና ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግራችሁም። ልብ በሉ ደግሞ፤ እርግዝና ራሱ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ለደም መርጋት ብላ የገዛችው ከረጢት ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ይወስዳታል። የኤችአይቪ መድኃኒቷን ማዳም እንዳታይባት ደብቃ የምትውጥ እህትም አለችን። ለማንም አልተናገረችም፤ ነጋዴውም አልጠየቃትም። ለድብርት ሐኪም ያዘዘላት ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ላይ፣ ወይም ለሕመም የተሰጣት ትራማዶል ላይ ቅጠሉን ከደረበች ደግሞ ሰውነቷ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያተኩሳት፣ ልቧ ሊመታ ይችላል፤ ለሕይወትም የሚያሰጋበት ጊዜ አለ።

የነጋዴው ከረጢት ውስጥ ያለው ይህ ቅጠል ነው አላልኩም። ሌላም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ስሙን የጠየቅነው፤ ለዚህ ነው ምስጢር ነው ሲለን በሩን የዘጋነው። ያገሬ ሰው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል። መድኃኒቱን የደበቀስ?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ላለችኝ እህት አሁን ልመለስ። ንዴቷ ትክክል ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ 30 ዶላር አውጥታ ስሙን የማታውቀውን ቅጠል የምትገዛው ሞኝ ስለሆነች አይደለም። በሩ ስለተቆለፈባት ነው።

ስለ 2002ቱ ሙከራ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ሳነበው ብዙ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከመቶ 32 ያህሉ በደንብ ተሻላቸው። ቅጠሉን ከወሰዱት 24 ያህሉ። በባዶው ክኒን ውስጥ ምን ነበር? ምንም። ግን ለ8 ሳምንት ሐኪም እየተቀበለ፣ አስቀምጦ፣ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብ ትበያለሽ? ምን ያስጨንቅሻል?» እያለ ጠይቋቸዋል። አንዳንዱን ጊዜ ራሱ አሽሎታል፤ አንዳንዱን ተስፋው። መጠየቁም የራሱ ድርሻ እንደነበረው እኔ አልጠራጠርም። እዚህ አገር ስንት ወር ሙሉ «ደህና ነሽ?» የሚላት ሰው ያጣች እህት አለች? ደግሞም እዚያ ሙከራ ላይ የነበሩት ሰዎች ማታ ወደ ቤታቸው የሚገቡ፣ ስልካቸው በእጃቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ፓስፖርቷ የተወሰደባት፣ የስድስት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት፣ በረንዳ ላይ የምትተኛ ሴት ላይ የተፈተነ ቅጠል እኔ አላየሁም። ያልተከፈለ ደመወዝን የሚያስከፍል ሻይ የለም።

ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 እንደቆጠረው፣ ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ 40ው ሞት ራስን ማጥፋት ተብሎ ነው የተመዘገበው። እነዚያ እህቶች የቅጠል እጥረት አልነበረባቸውም።

ስለዚህ ኮሚቴው ማስታወቂያውን ከመከልከል ባለፈ የወሰነውን ልንገራችሁ። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ፣ በምንገናኝበት ቦታ አንድ ጠረጴዛ ለዚሁ ይለያል። የምትጠጡትን ቅጠል፣ ዱቄት፣ ክኒን ሁሉ እንዳለ ይዛችሁ ኑ። ካገር የተላከ ይሁን፣ ከአጣር ሱቅ የተገዛ፣ ማዳም የሰጠቻችሁ ይሁን። ስሙን በአማርኛም በዓረብኛም በእንግሊዝኛም እንጽፍላችኋለን። ያንን ወረቀት ለፋርማሲስት ማሳየት ብቻ ነው፤ ፋርማሲ ገብቶ «ይሄ ከዚህ ጋር ይስማማል?» ብሎ ለመጠየቅ አይከፈልም፣ ኢቃማም አይጠየቅም። የምትውጡትን ለእኛ መንገር የማትፈልጉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። ወረቀቱን ራሳችሁ ሙሉት፤ ማንም አያይባችሁም።

መውጣት የማትችሉት ደግሞ የከረጢቱን ፎቶ በስልክ ላኩልን። ስልክ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጣችሁ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን አሳውቁን። የምትደውልላችሁ እህት እንመድባለን፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ። ለዚህ አሥራ አንድ እህቶች ስማቸውን ሰጥተዋል፤ ተጨማሪ እንፈልጋለን። ሙያ አይጠይቅም። ጠይቆ ማዳመጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ይህን አንብባችሁ የጀመራችሁትን ሁሉ ዛሬውኑ ወርውሩት አላልኩም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠሉን በድንገት ሲያቆም መድኃኒቱ በአንዴ ይበረታና ሊያደማው ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይወቅ። ሐኪም ያዘዘውን የድብርት ክኒንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ናናውን፣ ባቡናጁን፣ ጤና አዳም ጣል የተደረገባትን ቡናችንንም የሚነካባችሁ የለም። ነፍሰ ጡር ግን ጤና አዳምን ከነጭራሹ ትተወው።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱን ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ ቅጠል የሚፈላበት ሰዓት አይደለም። የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው፤ ለማመላለሱ አያስከፍልም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ለሚመጣባት 1564 ላይ የሚያዳምጥ ሰው አለ። በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው የሚመልሱት። ቋንቋው ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ለእኛ ደውሉ፤ መስመር ላይ አብረናችሁ ገብተን እናስተረጉማለን። ሌሊትም ቢሆን።

ነጋዴው ሊሸፍነው የነበረው የማባዣ ወጪ ገና አልተሟላም። በዚህ ወር ጋዜጣው በአንድ ወረቀት ብቻ የወጣው ለዚያ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት ሕንፃ እህት አስተላልፉት። በአሳንሰር መላክም ይቻላል፤ ታውቁበታላችሁ።